ማኅተሙ ማን ጋ ነው? ሐዋሳ ውስጥ ስላለ አንድ ማተሚያ ቤት

ሰባተኛው ምርጫ ሲቃረብ ሦስት ሰዎች በተለያየ ቀን ደውለው አንድ ጥያቄ ጠየቁኝ፦ «ያኔ ባነሮቻችሁን የት ነበር ያሳተማችሁት?» ሦስቱም ዛሬ በሦስት የተለያዩ ፓርቲዎች ውስጥ ናቸው። በ2013ቱ ምርጫ ግን ሁለቱ ከእኔ ጋር አንድ ፓርቲ ውስጥ ነበሩ፤ ሦስተኛው ደግሞ ለጥቂት ሳምንታት አጋራችን ነበር። ለየብቻ ከምመልስላቸው አንድ ጊዜ ልጻፈው ብዬ ነው።

ቤቱ ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ነው ያለው። በአንድ በኩል ፎቶ ቤት፣ በሌላው በኩል ጫማ ቤት አለ። ውስጡ አንድ ትልቅ የባነር ማተሚያ፣ አንድ የቲሸርት መተኮሻ፣ ሁለት ኮምፒውተርና ደንበኛ ወረፋ የሚጠብቅበት አግዳሚ አለው። የሌላውን ሰው ስም አድምቀው የሚጽፉት ባለቤት የራሳቸውን ታፔላ ፀሐይ በልቶት ሊነበብ አይችልም። ስሙን ያልጻፍኩት ለዚያ አይደለም፤ ከታች የማነሳው ቅሬታ ስላለ ነው። ባለቤቷ ሃምሳዎቹን የተሻገሩ ሴት ናቸው። ሠራተኞቹ «ማዘር» ይሏቸዋል፤ እኔም እንደዚያው እላቸዋለሁ።

እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ። ለፓርቲው የቅስቀሳ ቁሳቁስ ኃላፊ የሆንኩት ፍላሽ ዲስክና ትዕግሥት ስለነበረኝ ይመስለኛል። ፓርቲያችን ክልላዊ ነበር። ሕጉ ለክልላዊ ፓርቲ 4,000፣ ለአገር አቀፍ ደግሞ 10,000 መሥራች አባላት ይጠይቃል፤ እኛ አራቱን ሺህ ለመሙላት ከቀበሌ ቀበሌ የዞርነውን እግራችን ያውቀዋል። ያኔ የደቡብ ክልል መቀመጫ ገና ሐዋሳ ነበር፤ ሲዳማ በሰኔ 2012 ራሱን የቻለ ክልል ሆኖ ሐዋሳን ቢወስድም የደቡቡ ቢሮ እዚያው ነበር። የእኛም ጽሕፈት ቤት እንደዚሁ።

የመጀመሪያ ጊዜ የሄድኩት በጥር 2013፣ ቅስቀሳው የካቲት 8 ከመጀመሩ በፊት ነው። ማዘር ሦስት ነገር ጠየቁኝ።

«ስንት በስንት?»

ነገርኳቸው።

«ለመቼ?»

ነገርኳቸው።

«ማኅተሙ ማን ጋ ነው?»

እውነቱን ለመናገር ከፋኝ። ባነር ላሳትም መጣሁ እንጂ ስለ ፓርቲያችን ጓዳ ልናዘዝ አልመጣሁም። ማዘር ግን ጀበናውን ወደ እኔ አስጠጉና «አትቀየመኝ መምህር፣ ሁለት ጊዜ ተቃጥያለሁ» አሉ።

የመጀመሪያው ቃጠሎ የቅንጅት ነው። በ1997 ይህ ቤት ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ብቻ ነበር። አራት ፓርቲዎች ተጣምረው ቅንጅት ሲሆኑ፣ የምርጫ ምልክቱ ሁለት ጣት ያለበት ወረቀት ከማሽናቸው ሌት ተቀን ይወጣ ነበር። ከግንቦት 7ቱ ምርጫ በኋላ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን። መሪዎቹ በ1999 ከእስር ሲወጡ አዲስ ወረቀት ታዘዘ፤ ማዘርም በግማሽ ቀብድ አተሙ። መሪዎቹ እርስ በርስ ሳይስማሙ ቆይተው በ2000 ምርጫ ቦርድ የቅንጅትን ስም ለእነ አየለ ጫሚሶ ሰጠ። ብርቱካን ሚደቅሳና ሌሎቹ «አንድነት» የሚባል አዲስ ፓርቲ ለማቋቋም ተገደዱ። የታዘዘውን ወረቀት የሚወስድ ጠፋ፤ ያዘዙት ሰዎች ስሙን መጠቀም አይችሉም፣ ስሙን ያገኙት ደግሞ አላዘዙም። ማዘር ለአንድ ቆሎ ሻጭ በኪሎ ሸጡት። «በሁለት ጣት የተጠቀለለ ቆሎ ሐዋሳ ሁለት ዓመት በልታለች» ይላሉ።

ሁለተኛው ቃጠሎ የራሱ የአንድነት ነው። በ2007 ምርጫ ዋዜማ ፓርቲው ለሁለት ተከፈለ፤ ቦርዱ በጥር ወር የእነ ትዕግሥቱ አወሉን ወገን ሕጋዊ ነው አለ። ሌላው ተቃዋሚ ፓርቲ መኢአድም በዚያው ሰሞን በተመሳሳይ መንገድ ለእነ አበባው መሐሪ ሆነ። ማዘር ለሌላኛው ወገን ያተሙት ባነር ተጠቅልሎ ቀረ። ይህን ሲነግሩኝ አንድ ነገር ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦ የፓርቲዋን ስም በቦርድ ውሳኔ የተነጠቀችው ብርቱካን በኅዳር 2011 የቦርዱ ሰብሳቢ ሆናለች እኮ! ማዘር ፍንጃሉን አስቀመጡና «ታዲያ እሷ ናት ማኅተም ምን እንደሆነ የምታውቀው» አሉ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው የክፍያ ደንባቸው የወጣው። ግድግዳው ላይ በእስክሪብቶ ተጽፎ ተለጥፏል። ፓርቲ ግማሽ ቀብድ። ግንባር ሦስት አራተኛ። ቅንጅት ሙሉ ክፍያ፣ በቅድሚያ። የተዋሐደ ግማሽ።

መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቤቴ ገብቼ ሳስበው ግን የምርጫ ሕጉን ጨምቀው ነው የጻፉት። ቅንጅት የሚደረገው ለምርጫ ነው፤ ሁሉም የየራሱን ቤት ቁልፍ በኪሱ ይዞ ነው የሚመጣው። ግንባር ጠበቅ ይላል፣ ግን አባል ድርጅቶቹ አሉ፤ አንዱ አልፈልግም ያለ ቀን ምን እንደሚሆን ኢሕአዴግ አሳይቶናል። 28 ዓመት አገር የመራ የአራት ድርጅቶች ግንባር በኅዳር 2012 ሦስቱ ከአጋሮቹ ጋር ተዋሕደው ብልጽግና ሲሆኑ ሕወሓት አልገባም አለ፤ ዓመት ሳይሞላም ጳጉሜን 4 ቀን 2012 የፌዴራሉ መንግሥት ዕውቅና ያልሰጠውን የራሱን ክልላዊ ምርጫ አካሄደ። ደኢሕዴን (የግንባሩ የደቡብ አባል ድርጅት) የሚል ጽሑፍ የነበረበት ሁሉ እኛ ከተማ ውስጥ ሲነቀል ያየ ሰው ሦስት አራተኛ ለምን እንደተባለ አይጠይቅም። «የተዋሐደስ ለምን ግማሽ?» ስላቸው «የራሱን የምስክር ወረቀት አስረክቦ ነዋ የመጣው፤ ቢቆጣ የት ይመለሳል?» አሉኝ። ሰባት ፓርቲዎች በግንቦት 2011 ከስመው ኢዜማን ሲመሠርቱ የማዘር ሐሳብ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ክርክር ይቀርልኝ ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ጥራት ልምጣ፤ ለዚያ ነው የምታነቡት።

ባነራቸው ጥሩ ነው። ጨርቁ ወፍራም፣ ጠርዙ የታጠፈ፣ የማሰሪያ ቀለበቱ በየሜትሩ የተመታ ነው፤ ሌላ ቦታ አራቱ ማዕዘን ላይ ብቻ መትተው ነፋስ ሲመጣ መሐሉ እንደ ሸራ ይነፋል። በካሬ ሜትር ከጎረቤታቸው 20 ብር ይበልጡ ነበር፤ አያስቆጭም። አረንጓዴያቸው ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል። አረንጓዴ የፓርቲያችሁ ቀለም ከሆነ ናሙና ሳታዩ እሺ እንዳትሉ።

ቲሸርቱን አልመክርም። ሦስት ጊዜ ታጥቦ የሊቀመንበራችን ጥርስ ረገፈ።

ዲዛይነሩ ልጅ ወርቅ ነው። ጽሑፋችንን ፓወር ግዕዝ በሚባለው የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ጽፈን ወስደን ነበር፤ ማሽኑ ላይ ሲከፈት «ኅብረት» የሚለው ቃል አራት ሳጥን ሆኖ መጣ። ልጁ ሳይታተም አየው። «መምህር፣ ኅብረታችሁ አልተነበበም» አለኝ ፈገግ ሳይል። ስለዚህ ጽሑፋችሁን በዩኒኮድ ጻፉ፣ ወይም ፊደሉን ወደ ሥዕል ቀይራችሁ አምጡ። መብራት ሲጠፋ ጀነሬተር አላቸው፤ ግን ትልቁን ማሽን አይችልም፣ ኮምፒውተሩን ብቻ ነው። በዚህ የተነሳ አንድ ትእዛዝ ሁለት ቀን ዘግይቶብኛል።

ከሁሉም በላይ የማደንቀው ሚስጥር መጠበቃቸውን ነው። በቅስቀሳው ወቅት አግዳሚው ላይ ከማን ጋር እንደምትቀመጡ አታውቁም። አንድ ቀን በግራዬ የአምፖል ምልክት ያለበት ፖስተር የሚጠብቅ ወጣት፣ በቀኜ የሚዛን ምልክት ያለበት ስቲከር የሚቆጥሩ አዛውንት ነበሩ፤ ብልጽግናና ኢዜማ በእኔ በኩል ሰላምታ ተለዋወጡ ማለት ነው። ማዘር ያለቀውን ሥራ ሁሉ ፊቱን ወደ ውስጥ ጠቅልለው፣ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚያስቀምጡት። የእኛ ቁጥር 31 ነበር። የሌላውን መፈክር ቀድሞ ለማየት የሞከረ አንድ ጓደኛችን በመጥረጊያ እንጨት እጁን ተነክቶ ተመልሷል። ጓደኛችን ያልኩት ያኔ ነው።

እንግዲህ የጥምረታችን ነገር።

የካቲት መጨረሻ ላይ ከሁለት ትናንሽ ፓርቲዎች ጋር በጋራ ለመወዳደር ተስማማን። ሰነድ ተፈረመ፣ በአሞራ ገደል ዓሣ ተበላ፣ ፎቶ ተነሣን። እኔ ወዲያው የሦስታችንን ምልክት በአንድ መስመር የያዘ ዲዛይን ይዤ ማዘር ጋ ሮጥኩ።

«ቦርድ ገብቷል?» አሉ።

«ተፈርሟል።»

«ቦርድ ገብቷል ወይ ነው ያልኩህ።»

አልገባም ነበር። ሊገባ ነው አልኳቸው። ማዘር ያኔ የነገሩኝን የፓርቲው ሕግ አዋቂዎች እንኳ አልነገሩኝም ነበር፦ መራጩ ድምፅ መስጫ ወረቀቱ ላይ የሚያገኘው ቦርዱ የመዘገበውን ስምና ምልክት ነው፤ ባነር ላይ የፈለጋችሁትን ብትደረድሩ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ሰውየው ግራ ተጋብቶ ይወጣል። ደግሞም ሁለት ወረቀት ነው የሚሰጠው፤ አንዱ ለተወካዮች ምክር ቤት፣ አንዱ ለክልል ምክር ቤት። «ገበሬውን በአንድ ቀን ስንት ፈተና ልታስፈትኑት ነው?» አሉኝ። አልሰማሁም። ሙሉ ክፍያ ከፍዬ አርባ ባነር አሳተምኩ።

መጋቢት አጋማሽ ላይ የጥምረቱ ወረቀት ከመዝገብ ቤት ሳይሆን ከአንዱ ሊቀመንበር ቦርሳ ውስጥ ተገኘ። ማን ዋና ማን ምክትል እንደሚሆን ስላልተስማሙ አልገባም ነበር። አንደኛው አጋር ወጣ፤ ሁለተኛው ከሌላ ጋር ተደራደረ። ይህ አልበቃ ብሎ የእኛው ሊቀመንበርና ምክትላቸው «ጥፋቱ ያንተ ነው» ተባባሉና ፓርቲው ራሱ ከመሐል ተሰነጠቀ። ሊቀመንበሩ ጋ ማኅተሙ ቀረ። ምክትሉ ጋ ደግሞ ገንዘብ ያዡ ሄደ፤ ከእሱ ጋር የባንክ ፊርማውም ሄደ። ማኅተም ያለው ገንዘብ የለው፣ ገንዘብ ያለው ማኅተም የለው።

ሁለቱም በአንድ ጠዋት ቁጥር 31ን ሊወስዱ መጡ። እኔ ከሁለቱም ቀድሜ ደርሼ አግዳሚው ላይ ነበርኩ፤ የማን ሆኜ እንደመጣሁ ለራሴም አልገባኝም ነበር። ሊቀመንበሩ ማኅተም የተመታበት ደብዳቤ አወጡ። ምክትሉ የከፈሉበትን ደረሰኝ አወጡ። ማዘር ሁለቱንም ወረቀት መነጽር አድርገው አነበቡ፣ ሁለቱንም መለሱ፣ ለሁለቱም ቡና ቀዱ። «ከቦርድ የተጻፈ ደብዳቤ ለያዘ እሰጣለሁ። እስከዚያው የእኔ ቤት አይፈርስም» አሉ። ምክትሉ ስልክ አነሡ፣ ሊቀመንበሩ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ማዘር ማሽኑን አስነሡት። ያ ማሽን ሲሠራ ማንም ሰው ማንንም አይሰማም።

ይህን ስጽፍ ለቤቱ ሙሉ ነጥብ ልሰጥ ዳር ዳር እያልኩ ነው። ግን ተለጣፊው አለ።

ሚያዝያ ላይ ሽማግሌ ገባና የእኛ ሁለት ወገኖች «እስከ ምርጫው ማግስት» ታረቁ። አጋሮቹ ግን አልተመለሱም። አርባው ባነር ላይ የነበሩትን የሁለቱን ፓርቲዎች ምልክት መሸፈን ነበረብን፤ አዲስ ለማሳተም ገንዘብ የለም። ማዘር መፍትሔ አላቸው፦ በባነሩ መሬት ቀለም የተቆረጠ ተለጣፊ ምልክቶቹ ላይ ይለጠፋል። ርካሽ ነው፣ በአንድ ቀን ያልቃል። ሲለጠፍ አይቻለሁ፤ ከሁለት ሜትር ብትቆሙ አይታወቅም። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ግንቦት ውስጥ ከዲላ ወዲያ ባለች ትንሽ ከተማ፣ በገበያ ቀን፣ ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ሰቅለን ቅስቀሳ ጀመርን። ሊቀመንበሩ ንግግራቸው መሐል፣ እንዲያውም የቀድሞ አጋሮቻችን ሕዝብን እንዴት እንደከዱ በሚዘረዝሩበት ቦታ ላይ፣ ዝናቡ መጣ። የዚያ አገር የግንቦት ዝናብ አያስጠነቅቅም። ባነሩ ከጀርባቸው ነበር፤ እሳቸው አላዩም። እኔ አየሁ። መጀመሪያ የግራው ተለጣፊ ጫፉ ተቆለመመ። ቀጥሎ እንደ ሽንኩርት ቅጠል እየተላጠ ወረደና ጭቃ ላይ ወደቀ። የአንደኛው «ከሃዲ» ምልክት ከእኛ ምልክት ጎን ታጥቦ አምሮበት ወጣ። ትንሽ ቆይቶ የቀኙም ተከተለ። ሕዝቡ መሣቅ ሲጀምር ሊቀመንበሩ ንግግራቸው የተወደደላቸው መስሏቸው ድምፃቸውን ጨመሩ። አንድ የቡና ነጋዴ ከዣንጥላው ሥር ሆኖ «ሽማግሌ ያቃተውን ዝናብ አስታረቀው!» ብሎ ጮኸ። ያ ቅስቀሳ በዚያ አለቀ።

በማግስቱ ሐዋሳ ተመልሼ ማዘር ፊት እርጥቡን ተለጣፊ አስቀመጥኩ። ገንዘቤን መልሱ አልኩ። ዝናብ እንደማይችል አልነገሩኝም ነበር፤ በግንቦት ለውጭ የሚሰቀል ነገር ሲሸጡ መናገር ነበረባቸው፣ ዛሬም በዚህ አልለቃቸውም። ማዘር ተለጣፊውን አገላብጠው አዩና «እኔ ማጣበቂያ እንጂ ሽማግሌ አልሸጥኩላችሁም» አሉኝ። አንድ ሳንቲም አልመለሱም። ሌላ ባነር በነጻ አሥር ሜትር ሰጥተውኛል፤ የደረሰልን ግን የጥሞናው ቀናት ሊገቡ ሲሉ ነው።

ሰኔ 14 የሆነው ሆነ። እኛ ምንም አላገኘንም። በተወካዮች ምክር ቤት ብልጽግና 410 ወንበር ሲይዝ፣ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ፤ ከደቡብ ደግሞ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት፣ አንድ ስም፣ አንድ ምልክት፣ አንድ አካባቢ ይዞ ገብቶ 2 ወንበር ወሰደ። የእኛ አርባ ባነር ሦስት ስም ነበረው።

በመስከረም 2014 መጨረሻ አዲሱ ካቢኔ ሲሾም የኢዜማው ብርሃኑ ነጋ ትምህርት ሚኒስትር፣ የአብኑ በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ ሚኒስትር፣ የኦነጉ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር ሆኑ። እኔ ማዘር ቤት ስገባ ናሙና የሚለጥፉበት ግድግዳ ተቀይሮ ነበር። ቀድሞ በሁለት ማዕዘን ተራርቀው የነበሩት አምፖሉና ሚዛኑ ጎን ለጎን ተለጥፈዋል። ምን ነው ስላቸው «ቦታ ለመቆጠብ ነው» አሉ።

ቁጥር 31 ውስጥ ተርፎ የቀረውን ጥቅል በኋላ ሰጡኝ። «ለደቡብ ክልል ምክር ቤት» የሚል ጽሑፍ አለበት። ደቡብ ምዕራብ በኅዳር 2014 ሄደ፤ የቀረው በነሐሴ 2015 ማዕከላዊ ኢትዮጵያና ደቡብ ኢትዮጵያ ተብሎ ለሁለት ሆነ። ፓርቲው የለም፣ ጥምረቱ የለም፣ ክልሉም የለም፤ ባነሩ ግን ደህና ነው። ሚስቴ በርበሬ ታሰጣበታለች፣ አንድም ቀለም አልለቀቀም። ለጨርቁ ጥራት ከዚህ የበለጠ ምስክር አላገኝም።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ ባነር ከአምስት አምስት፣ ቲሸርት አንድ፣ ተለጣፊ ዜሮ (በበጋ ሦስት)፣ ሚስጥር መጠበቅ አምስት፣ ቅሬታ አቀባበል ሁለት። ለደወላችሁልኝ ሦስት ሰዎች፦ በተለያየ ሰዓት ሂዱ፣ እሑድ ዝግ ነው፣ ደብዳቤያችሁን ይዛችሁ ሂዱ።

እኔ ባለፈው የሄድኩት ለትምህርት ቤታችን የምረቃ ባነር ነበር። ማዘር ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን በአውራ ጣታቸው ዳሰስ አደረጉ፣ ወደ መብራቱ አንሥተው አዩት፣ ከዚያ መዝገባቸውን ገለጡ።

«ግማሽ ቀብድ ይበቃል» አሉ። ቀና ብለው በመነጽራቸው ላይ አዩኝና «ርእሰ መምህሩና ምክትሉ ሰላም ናቸው አይደል?» አሉኝ።